ጀርመን ለባለሙያ የሚሰጠው የመኖሪያ ፈቃድ፦ ጠይቁኝ፣ የማውቀውን ልመልስ

ሰላም ለሁላችሁ። ጀርመን የገባሁት በብሉ ካርድ ነው፤ ደሞዙ የተወሰነ ወለል ለሚሞላ ባለሙያ የሚሰጥ የአውሮፓ ኅብረት የመኖሪያ ፈቃድ ነው። ከዚያ ወዲህ ሥራ ቀይሬያለሁ፣ ባለቤቴን አምጥቻለሁ፣ አሁን ቋሚ መኖሪያ ይዣለሁ። ጠበቃ አይደለሁም፤ ግን ይህን የወረቀት መንገድ በእግሬ ሄጄበታለሁ። እስካሁን ያየሁት ሰው አብዛኛው የሚጉላላው ሙያ አንሶት አይደለም። ወረቀቶቹ እርስ በርስ ስለማይስማሙ ነው። መልሶቼ ወደዚያው ካዘነበሉ ይቅር በሉኝ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ የኛን ስጠቅስ እናገራለሁ።

ጥያቄ፦ ቪዛውና የመኖሪያ ፈቃዱ አንድ ነው ወይስ ሁለት?

ሁለት ነው። ቪዛው መግቢያህ ነው፣ ኤምባሲው ፓስፖርትህ ላይ ይለጥፈዋል፣ ክፍያው 75 ዩሮ ነው። ፈቃዱ ደግሞ ካርድ ነው። ከገባህ በኋላ የምትኖርበት ከተማ የውጭ ዜጎች መሥሪያ ቤት ይሰጥሃል። እዚህ ሁላችንም «አውስላንደርበሆርደ» ነው የምንለው። ዋናው ፍተሻ ግን ቪዛው ላይ ያልቃል። ዲግሪህ፣ የሥራ ውልህና ደሞዝህ እዚያ ካለፉ ካርዱ ብዙም አያስጨንቅም።

ጥያቄ፦ ሲቪል መሐንዲስ ነኝ፣ የሥራ ውል አግኝቻለሁ። ብሉ ካርድ ልጠይቅ ወይስ ተራውን የባለሙያ ፈቃድ?

ደሞዝህ ነው የሚወስንልህ። በ2026 ለብሉ ካርድ ታክስ ሳይቆረጥ በዓመት 50,700 ዩሮ ያስፈልጋል። የሰው እጥረት ላለባቸው ሙያዎች ወለሉ 45,934.20 ነው። ምሕንድስና፣ ሕክምናና አይቲ እዚህ ውስጥ ናቸው። ከተመረቀ ሦስት ዓመት ያልሞላውም በዝቅተኛው ይስተናገዳል። በ2025 ቁጥሮቹ 48,300 እና 43,759.80 ነበሩ። ከጡረታ መዋጮ ጣሪያ ጋር የታሰሩ ስለሆኑ በየዓመቱ ጥር ላይ ይለወጣሉ። ውልህ ወለሉን ለጥቂት የሚነካ ከሆነ ቀጣሪህን አሁኑኑ አነጋግር። መቶ ዩሮ ብትጎድል ማንም «እሺ ይሁን» አይልህም።

ደሞዙ ካልሞላ ተራው ፈቃድ አለ። ለሱ ቁርጥ ያለ ወለል የለም፤ ብቻ ለአገሩ ሰው ከሚከፈለው ማነስ የለበትም። ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ አንድ ጥሩ ነገር አለው፦ ሥራው ባለሙያ የሚጠይቅ ከሆነ የግድ ከዲግሪህ ዘርፍ ጋር መግጠም የለበትም። የብሉ ካርዱ ትልቅ ጥቅም ፍጥነቱ ነው። ቢ1 ጀርመንኛ ካለህ በ21 ወር፣ ኤ1 ብቻ ካለህ በ27 ወር ቋሚ መኖሪያ መጠየቅ ትችላለህ (የቋንቋ ደረጃው ከጀማሪው ኤ1 ተነሥቶ ኤ2፣ ቢ1፣ ቢ2፣ ሲ1 እያለ ይወጣል)። በተራው ሦስት ዓመት ነው።

ጥያቄ፦ 47 ዓመቴ ነው። በዚህ ዕድሜ አይሆንም አሉኝ። እውነት ነው?

ጋሼ፣ ግማሹ እውነት ነው። 45 ዓመት የሞላው ሰው ተራውን ፈቃድ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጠይቅ በ2026 ቢያንስ 55,770 ዩሮ የዓመት ደሞዝ ወይም በቂ ጡረታ እንዳለው ማሳየት አለበት። ብሉ ካርድ ላይ ግን ይህ የዕድሜ ደንብ የለም። ስለዚህ ደሞዝዎ የብሉ ካርዱን ወለል ከሞላ በዚያ በር ይግቡ። የነገረዎት ሰው ይህቺን ሳይነግርዎት ቀርቷል።

ጥያቄ፦ የዩኒቨርሲቲዬን ዲግሪ ማን ነው የሚያረጋግጠው?

መጀመሪያ «አናቢን» የሚባለውን፣ የውጭ ዩኒቨርሲቲዎችና ዲግሪዎች የተመዘገቡበትን የጀርመኖች የመረጃ ቋት ክፈቺ። ሁለት ነገር ነው የምትፈልጊው። አንደኛ፣ ዩኒቨርሲቲሽ «ኤች ፕላስ» የሚል ምልክት፣ ማለትም ጀርመን ውስጥ ዕውቅና እንዳለው የሚያሳየው፣ አለው ወይ? ሁለተኛ፣ የዲግሪሽ ዓይነት ከጀርመኑ ጋር እኩል ነው ተብሎ ተመዝግቧል ወይ? ሁለቱንም ገጽ አትሚ። ብዙ ሰው የዩኒቨርሲቲውን ብቻ አትሞ ይሄድና «የዲግሪው የታለ?» ተብሎ ይመለሳል። ካልተገኘ ወይም ምልክቱ አጠራጣሪ ከሆነ «ሳብ» ለሚባለው፣ የውጭ ዲግሪዎችን ለሚመዝነው ማዕከል ማመልከት ነው። ከ200 ዩሮ ትንሽ ከፍ ያለ ያስከፍላሉ። የሚሰጡሽ ወረቀት ዕድሜ ልክ ያገለግላል።

ጥያቄ፦ እኔ ነርስ ነኝ። ለኔም አናቢን ይበቃል?

አይበቃም እህቴ። ነርስ፣ ሐኪም፣ ፋርማሲስት ያለ ሙያ ፈቃድ የማይሠራባቸው ናቸው። የምትሠሪበት ክፍለ ግዛት ሙያሽን ማጽደቅ አለበት። ለነርስ አብዛኛውን ጊዜ ቢ2 ጀርመንኛ ይጠየቃል፤ ለሐኪም በሲ1 ደረጃ የሕክምና ቋንቋ ፈተና አለ። ከመጋቢት 2024 ወዲህ ግን ሌላ መንገድ ተከፍቷል። ኤ2 ጀርመንኛና የሥራ ውል ይዘሽ ገብተሽ፣ ማጽደቁን እዚሁ እየሠራሽ መጨረስ ትችያለሽ። ቀጣሪሽ ስለዚህ ሰምቶ ካላወቀ አንቺ ንገሪው።

ጥያቄ፦ ዲግሪ የለኝም፣ ሶፍትዌር ነው የምሠራው። ተስፋ አለኝ?

አለህ። የአይቲ ሰው ያለ ዲግሪም ብሉ ካርድ ያገኛል። ባለፉት ሰባት ዓመታት ውስጥ ቢያንስ ሦስት ዓመት በሙያው የሠራ መሆን አለበት፣ ደሞዙም ዝቅተኛውን ወለል መሙላት አለበት። እንግዲህ ሁሉ ነገር በሥራ ልምድ ደብዳቤህ ላይ ተንጠለጠለ ማለት ነው።

እዚህ ጋ ቆም ልበል፣ ምክንያቱም ሰው ሲወድቅ ያየሁት እዚሁ ነው። አንድ ልጅ ደብዳቤው በአማርኛ «ከመስከረም 2010 እስከ ሰኔ 2015» ይላል፣ በኛ አቆጣጠር። ተርጓሚው ወሩን ወደ ፈረንጅ ቀየረ፣ ዓመቱን እንዳለ ተወው። ትርጉሙ «ሴፕቴምበር 2010 እስከ ጁን 2015» ሆነ። ትክክለኛው ሴፕቴምበር 2017 እስከ ጁን 2023 ነበር። ጀርመናዊው ሠራተኛ አስልቶ ልምድህ ከሰባት ዓመት በፊት ያለቀ ነው አለው። አልዋሸም፤ ያነበበው ያንን ነው። በዚያ ላይ የልደት ወረቀቱ በትክክል ተቀይሮ ስለነበር፣ በትርጉሙ መሠረት ልጁ ገና የሃይስኩል ተማሪ እያለ ሲኒየር ፕሮግራመር ነበር ማለት ነው።

ስለዚህ ቀጣሪህ ደብዳቤውን ሲጽፍልህ በእንግሊዝኛ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ይጻፍልህ። የማይሆን ከሆነ ተርጓሚው ሁለቱንም ቀን ጎን ለጎን ያስቀምጥ። ደብዳቤው «በትጋት አገልግሏል» ብቻ አይበል፤ ምን እንደሠራህ፣ በየትኛው የፕሮግራም ቋንቋ፣ ሙሉ ጊዜ መሆኑን ይናገር። ትጋትህን እዚህ ማንም አይመዝነውም።

ጥያቄ፦ ስሜ በዲግሪዬና በፓስፖርቴ ላይ በተለያየ ፊደል ነው የተጻፈው። ችግር አለው?

አለው፣ ግን የሚፈታ ነው። በላቲን ፊደል ተስፋዬን አንዱ በ«ዋይ»፣ ሌላው በ«አይ» ይጽፈዋል። ለኛ አንድ ሰው ነው፣ ለነሱ ሁለት። መሠረቱ ፓስፖርቱ ነው፤ ሌላው ሁሉ ወደሱ ይጠጋል። ዩኒቨርሲቲው ካላስተካከለልህ፣ ሁለቱም ስም የአንድ ሰው መሆኑን የሚገልጽ የተረጋገጠ ሰነድ አስወጥተህ አስተርጉም።

ከዚህ ጋር የሚመጣ ሌላ ጣጣ አለ። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። ሚስት በአባቷ ትጠራለች፣ ልጅ በአባቱ። ጀርመን ውስጥ እኔ፣ ባለቤቴና ልጄ ሦስታችንም የተለያየ «የቤተሰብ ስም» ነው ያለን። መዋዕለ ሕፃናት ልጄን ልወስድ ስሄድ ሠራተኛዋ ካርዴን አየች፣ ዝርዝሯን አየች፣ መልሳ እኔን አየች። ልጄ «አባባ!» ብሎ እየጮኸ እግሬ ላይ ተጠምጥሟል። እሷ ግን ወረቀት ጠየቀችኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ የተተረጎመው የልደት ሰርተፍኬት ከቦርሳዬ አይወጣም።

ጥያቄ፦ ደላላ ብዙ ሺህ ዩሮ ጠየቀኝ፣ «ፈጣን መስመር አለኝ» ይላል።

ሽሽ። ፈጣን መስመር አለ፣ ግን የደላላ አይደለም። ቀጣሪህ ራሱ ጀርመን ውስጥ አውስላንደርበሆርደው ጋ ይጀምረዋል፣ ክፍያው 411 ዩሮ ነው። መሥሪያ ቤቱ ለቪዛው አስቀድሞ የሚሰጠው ቅድመ ፈቃድ ከወጣ በኋላ ኤምባሲው በሦስት ሳምንት ውስጥ ተርሚን (ቀጠሮ) ይሰጥሃል፤ ማመልከቻህ ከተሟላ ደግሞ ብዙውን ጊዜ በሌላ ሦስት ሳምንት ይወስናል። ከጥር 2025 ጀምሮም የባለሙያ ቪዛ ማመልከቻ በኢንተርኔት መሙላት ይቻላል። አንድ ቀጣሪህ የግድ የሚሞላው ቅጽ አለ፣ የሥራውን ዝርዝርና ደሞዝ የሚገልጽ። እዚያ ላይ ያለው ደሞዝና ውልህ ላይ ያለው በሳንቲም እንኳ እንዳይለያይ።

ጥያቄ፦ ቪዛዬ ውድቅ ሆነ። ቅሬታ ለኤምባሲው ላስገባ?

እሱ ቀርቷል። ከሐምሌ 2025 ጀምሮ ኤምባሲዎች ቅሬታ አይቀበሉም። ወይ አስተካክለህ እንደገና ታመለክታለህ፣ ወይ በአንድ ወር ውስጥ በርሊን ላለው የአስተዳደር ፍርድ ቤት ትከሳለህ። የጎደለው ወረቀት ከሆነ እንደገና ማመልከቱ ይሻላል፤ ፍርድ ቤት ዓመት ሊጨርስ ይችላል።

ጥያቄ፦ ከገባሁ በኋላ መጀመሪያ ምን ላድርግ?

ቤት በገባህ በ14 ቀን ውስጥ የመኖሪያ አድራሻህን አስመዝግብ። አከራይህ የፈረመበት ማረጋገጫ ያስፈልጋል፤ ያለሱ አትሂድ። እሱ ከሌለ ባንክ የለም፣ ካርድም የለም። ከዚያ ወዲያው የካርዱን ተርሚን ጠይቅ።

በትልልቅ ከተሞች ተርሚን ማግኘት ፈተና ነው። የኔ ቪዛ ሊያልቅ አሥራ አንድ ቀን ሲቀረው መልስ አልነበረኝም። ሌሊት እየተነሣሁ ድረ ገጹን አድስ ነበር። በኋላ አንድ የሥራ ባልደረባዬ የነገረኝ አዳነኝ፦ ዋናው ተርሚኑ አይደለም፣ ቪዛው ሳያልቅ ማመልከትህ ነው። ማመልከቻውን በኢሜይል ላክሁ፣ ደግሜ በሪኮማንዴ ፖስታ ላክሁ፣ ደረሰኙን ያዝሁ። በጊዜው ካመለከትህ ውሳኔ እስኪመጣ መብትህ ይቀጥላል፣ ሥራህንም ጭምር። ማስረጃው «ፊክትሲዮንስበሻይኒጉንግ» ይባላል። ስሙን በቃልህ ያዝ፤ ቀጣሪህ መጠየቁ አይቀርም።

ጥያቄ፦ ሥራ ብቀይር ወይም ብባረርስ?

በብሉ ካርድ የመጀመሪያዎቹን 12 ወራት ለውጡን ማሳወቅ አለብህ። ከዚያ በኋላ ነፃ ነህ። በተራው ፈቃድ ከካርዱ ጋር የምትሰጠዋን ታጣፊ ወረቀት አንብብ። የቀጣሪህ ስም እዚያ ካለ ሳትጠይቅ አትንቀሳቀስ። ሥራው ከታሰበው ጊዜ በፊት ከቆመ በሁለት ሳምንት ውስጥ የመናገር ግዴታ አለብህ። ሰው ይደብቃል፣ ያስፈራልና። ግን የተናገረው ሰው ሌላ ሥራ የሚፈልግበት ጊዜ ሲሰጠው ነው ያየሁት፤ ተደብቆ የተገኘው ነው የሚቸገረው።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ጀርመንኛ ፈተና ሳትወስድ መምጣት ትችላለች?

አንተ ብሉ ካርድ ካለህ፣ አዎ። እንደመጣችም ሥራ መሥራት ትችላለች።

ጥያቄ፦ ውል የለኝም። «ቻንሰንካርቴ» ልሞክር?

ያለ ሥራ ውል ገብቶ ሥራ ለመፈለግ የሚሰጥ ፈቃድ ነው፣ ከሰኔ 2024 ጀምሮ ያለ። በሥራ ልምድ፣ በቋንቋ፣ በዕድሜና በመሳሰሉት የሚቆጠር ስድስት ነጥብ፣ ኤ1 ጀርመንኛ ወይም ቢ2 እንግሊዝኛ፣ እንዲሁም መኖሪያ ገንዘብ ይጠይቃል፤ በ2025 በወር 1,091 ዩሮ ነበር። እስከ አንድ ዓመት ሥራ ትፈልጋለህ፣ በሳምንት 20 ሰዓት መሥራትም ይቻላል። ገንዘቡ የራስህ ከሆነ ሞክር። ተበድረህ ከሆነ እዚያው ሆነህ ውል ብትፈልግ እመርጣለሁ፤ በዕዳ የመጣ ሰው ያገኘውን ሥራ ሁሉ ይቀበላል።

ጥያቄ፦ እናቴ ታማለች። ረዘም ላለ ጊዜ ሄጄ ባስታምማት ፈቃዴ ይቃጠላል?

እግዜር ይማርልህ ወንድሜ። በተራው ፈቃድ ከስድስት ወር በላይ ከጀርመን ውጭ ከቆየህ ይሰረዛል። በብሉ ካርድ እስከ 12 ወር ነው። ከዚያ የሚያልፍ ከመሰለህ ከመሄድህ በፊት አውስላንደርበሆርደውን በጽሑፍ ጠይቅ፣ ማራዘም ይችላሉ። ከቀጣሪህም ያለ ደሞዝ የፈቃድ ደብዳቤ ያዝ፣ ሥራው እንዳልተቋረጠ የሚል።