የፍቅር ልብ ወለድ አንብቤ ጨረስኩ፤ ደብተሬ ላይ ምን ልጻፍ?

ጥያቄ፦ በቅርቡ ሦስት የፍቅር ልብ ወለዶችን አከታትዬ አነበብኩ። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ፊታውራሪ መሸሻን እየረገምኩ፣ እያለቀስኩ ጨረስኩት። የጄን ኦስተን «ፕራይድ ኤንድ ፕሬጁዲስ» ተንዛዛብኝ። የሳሊ ሩኒ «ኖርማል ፒፕል» ደግሞ አናደደኝ፤ ሁለቱ ልጆች አንድ ቀን በግልጽ ቢነጋገሩ ኖሮ መጽሐፉ ግማሹ ላይ ባለቀ ነበር። ያነበብኩትን የምመዘግብበት ደብተር አለኝ፤ ነገር ግን ታሪኩን መልሼ ከመተረክ በቀር የጻፍኩት የለም። ወር ሲያልፍ ሁሉም ይምታታብኛል። ምን ብጽፍ ይሻላል? (አንባቢ፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ለታሪኩ ሦስት ዓረፍተ ነገር ይበቃዋል፤ ቀሪውን የመጽሐፉ ጀርባ ይነግርዎታል። የፍቅር ልብ ወለድ ሁሉ ሁለት ሰዎች ሲገናኙና አንድ ነገር በመካከላቸው ሲገባ የሚሆነው ነው። ታሪኩ ብቻ ሲጻፍ መጻሕፍቱ ቢምታቱ አይገርምም። አንዱን ከሌላው የሚለየው መካከል የገባው ነገር ነው። ስለዚህ ከርዕሱና ከታተመበት ዓመት ቀጥሎ ይህን ይጻፉ፦ መሰናክሉ ምንድን ነው? ከውጭ የመጣ ነው ወይስ ከራሳቸው? ተነሣ ወይስ አልተነሣም፣ ምንስ አስከፈለ?

በዚህ ጥያቄ ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙትን መጽሐፍ መልሰው ይዩት። ፊታውራሪ መሸሻ ልጃቸውን ሰብለ ወንጌልን ለድሃ ልጅ እንደማይሰጡ ግልጽ ነው። ግን በዛብህ ሊያስተምራት እቤታቸው ከመግባቱ በፊትም ስንቱ ጠያቂ በዘር አይመጥንም እየተባለ ተመልሷል፤ ልጅቷ ሳታገባ የቆየችው ለዚህ ነው። ግንቡ በዛብህን ለማገድ አልተሠራም፤ ቀድሞም ነበረ። ሌላም አለ። በዛብህ የስለት ልጅ ነው። ፊታውራሪን ከታሪኩ ቢያወጧቸው እንኳ ወላጆቹ ለእግዚአብሔር የገቡት ቃል ከበዛብህ ኅሊና አይወጣም። አንዱ መሰናክል ከውጭ፣ ሌላው ከውስጥ ነው፤ ኀዘኑ እንዲህ የሚከብደውም ሁለቱ አንድ ላይ ስለመጡ ነው። ከዚያው ከባላባቱ ወገን የሆነው ጉዱ ካሳ ሥርዓቱን ሲተች የሚናገራቸውን ገጾች ለይተው ያንብቧቸው፤ ደራሲው ጥፋቱን በአንድ ክፉ አባት ላይ ብቻ እንዳልጣሉት የሚታየው እዚያ ነው። «ፊታውራሪ ክፉ ናቸው» ብሎ ማቆም የመጽሐፉን ግማሽ ያስቀራል።

«ተንዛዛብኝ» ያሉት በ1813 እ.ኤ.አ. የታተመው መጽሐፍ 61 ምዕራፍ አለው። ባለጸጋው ዳርሲ ለዋናዋ ባለታሪክ ለኤልሳቤጥ የመጀመሪያውን የጋብቻ ጥያቄ የሚያቀርበው በ34ኛው ነው። (መጀመሪያ በ3 ጥራዝ ስለወጣ በየጥራዙ ከ1 የሚቆጥሩ እትሞች አሉ፤ በእነሱ 2ኛ ጥራዝ፣ ምዕራፍ 11 ነው።) ኤልሳቤጥ እምቢ ትለዋለች። ፍቅሩን ሲገልጽላት እንኳ የቤተሰቧን ዝቅ ማለት ሳያነሳ አላለፈም። በ35ኛው ደብዳቤውን ይሰጣታል፤ በ36ኛው እሷ ያንን ደብዳቤ ደጋግማ ታነባለች። አንባቢ የሚሰለቸው መቼ ይጋባሉ እያለ ስለሚጠብቅ ነው። የመጽሐፉ ልብ ግን 36ኛው ምዕራፍ ነው፤ ከደብዳቤው በቀር አጠገቧ ሌላ ሰው ሳይኖር አንዲት ሴት ፍርዷ እንደተሳሳተ ስታውቅ። ይህን አንድ ምዕራፍ ብቻውን ደግመው ያንብቡትና ከዚያ በኋላ ይፍረዱ።

በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣው «ኖርማል ፒፕል» ያናደደዎት በትክክለኛው ቦታ ነው። ቢነጋገሩ ኖሮ እውነትም ያልቅ ነበር፤ ታዲያ ለምን አልተነጋገሩም? የወንዱ ልጅ የኮኔል እናት የሴቷን የማሪያንን ቤት ታጸዳለች። ኋላ ደብሊን ሲማሩ ለበጋው የቤት ኪራይ ያጥረዋል፤ እሷ ዘንድ ልክረም ማለት ይፈልጋል፤ አይልም። እሷ ደግሞ ሊለያት እንደፈለገ ትረዳዋለች። እዚህ ፊታውራሪ የለም፣ ዘር የሚቆጥር የለም፤ የሀብት ልዩነቱ ግን ልጁ ጉሮሮ ውስጥ ገብቶ ተቀምጧል። በዛብህን ከደጅ ያገደው ነገር ኮኔልን ከውስጥ ያግደዋል፤ ሁለቱን ጎን ለጎን ቢጽፏቸው በደብተርዎ ፈጽሞ አይምታቱም። ጊዜውንም ይከታተሉ፦ ምዕራፎቹ ወርና ዓመት ተጽፎባቸዋል፤ ብዙውን ጊዜ በመካከላቸው ወራት ያልፋሉ፤ አንዱ ግን ካለፈው ምዕራፍ 5 ደቂቃ ብቻ ቆይቶ ይጀምራል። ደራሲ ጊዜውን እንዲህ ካጠበበ ምክንያት አለው፤ እዚያ ቆም ይበሉ።

ሲያነቡ እርሳስ ይያዙና በኅዳጉ ላይ ሦስት ቦታ ብቻ ምልክት ያድርጉ፦ መጀመሪያ የተያዩበት፣ መሰናክሉ የታየበት፣ ከሁለቱ አንዱ ሐሳቡን የለወጠበት። ደብተሩ ላይ የገጹን ቁጥርና አምስት ስድስት ቃል ያስፍሩ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ያማረውን ዓረፍተ ነገር ሁሉ ሲያሰምር ነው፤ ገጹ ሁሉ ከተሰመረ በኋላ የሚፈለገው አይገኝም። ውብ አባባሎችን ከወደዱ ለእነሱ የደብተሩን የመጨረሻ ገጾች ይተዉላቸው። መጽሐፉን በጨረሱበት ቀን ስሜትዎን በሁለት መስመር ብቻ ይጻፉ፤ ፍርዱን ግን ሳምንት ያቆዩት። ዕንባው ሳይደርቅ የሚጻፍ ፍርድ የመጨረሻውን ምዕራፍ እንጂ መጽሐፉን አይመዝንም።

ጥያቄ፦ ስምንት ሆነን የንባብ ክበብ ጀመርን። ተራው የፍቅር ልብ ወለድ ሲሆን ወሬው ወደየራሳችን ትዳር ይዞርና መጽሐፉ ይረሳል። ምን እናድርግ? (አንባቢ፣ ከአዳማ)

መልስ፦ ከአንድ ገጽ ይነሡ። ገጹን አንድ ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብብ፤ ከዚያ ሁሉም ሦስት ደቂቃ ዝም ብሎ ማስታወሻ ይያዝ። የሚናገር ሰው አስቀድሞ የገጹን ቁጥር ይጥራ። ይህች ትንሽ ደንብ ብቻ ጨዋታውን መጽሐፉ ላይ ታቆየዋለች። የየራስ ትዳርም ነውር የለበትም፤ የመጨረሻውን 20 ደቂቃ ይስጡት። ያልጨረሰ ሰው ካለ መጨረሻው ይነገር አይነገር የሚለውን ሳትጀምሩ ወስኑ።

ጥያቄ፦ በድምፅ የሰማሁትን መጽሐፍ አንብቤዋለሁ ማለት እችላለሁ? (አንባቢ፣ ከዱባይ)

መልስ፦ ይችላሉ። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ በተረከው «ፍቅር እስከ መቃብር» ብቻ መጽሐፉን የሚያውቅ ስንት ሰው አለ! ይሁን እንጂ ተራኪው በድምፁ ማን እንደሚታዘንለት፣ ማን እንደሚጠላ አስቀድሞ ይወስንልዎታል። «ኖርማል ፒፕል»ን ብንወስድ፣ ንግግሮቹ ያለ ትእምርተ ጥቅስ ስለተጻፉ የተባለውና የታሰበው እየተቀላቀለ አንባቢውን ያቆመዋል፤ በጆሮ ሲሰማ ይህ ይጠፋል። የነካዎትን ምዕራፍ ከሰሙ በኋላ አንድ ጊዜ በዓይንዎ ያንብቡት።