«ሰኞ ማታ ናይትሮ»፦ ለአንባቢያን ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

«ሰኞ ማታ ናይትሮ» ከ1995 እስከ 2001 ድረስ ቲኤንቲ በተባለው የአሜሪካ ቴሌቪዥን ጣቢያ በየሳምንቱ ይተላለፍ የነበረ፣ ደብልዩ ሲ ደብልዩ የተባለው ድርጅት ያዘጋጀው የፕሮፌሽናል ሬስሊንግ (በትግል መልክ የሚቀርብ ትርዒት) ዝግጅት ነው። ከአንባቢያን የደረሱኝን ጥያቄዎች፣ ተመሳሳዮቹን እያጣመርኩ፣ ከዚህ በታች መልሻለሁ። ቀናቱም ዓመታቱም ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ተቀናቃኙ የቪንስ ማክማን ድርጅት ደብልዩ ደብልዩ ኤፍ «ሮው» የተባለውን ዝግጅት በዚያው በሰኞ ማታ እያሳየ ሳለ፣ ሌላ ዝግጅት ፊት ለፊት ማቆም ድፍረት አልነበረም?

መልስ፦ ድፍረት ነበር፤ ነገር ግን የታሰበበት ድፍረት ነው። «ሮው» ከጥር 1993 ጀምሮ ይታይ ስለነበር ሰኞ ማታ የእነሱ ተደርጎ ተወስዶ ነበር። የደብልዩ ሲ ደብልዩ ባለቤት ቴድ ተርነር ግን የራሱ ጣቢያዎች ስለነበሩት የአየር ሰዓት መለመን አላስፈለገውም፤ ዝግጅቱንም ለድርጅቱ ኃላፊ ለኤሪክ ቢሾፍ አስረከበው። የመጀመሪያው ክፍል መስከረም 4 ቀን 1995 በሚኒሶታ ግዛት በሚገኘው ሞል ኦፍ አሜሪካ የገበያ ማዕከል ውስጥ ሲቀርብ «ሮው» በቴኒስ ውድድር ምክንያት አልተላለፈም ነበርና ተመልካቹ ሌላ ምርጫ አልነበረውም። በዚያች ምሽት ስቲንግና ሪክ ፍሌር በመፋለም ላይ እያሉ፣ እስከዚያው ሰሞን ድረስ ለተቀናቃኙ ድርጅት ሲሠራ የነበረው ሌክስ ሉገር ማንም ሳይጠብቀው በመግቢያው በኩል ብቅ አለ። ተመልካቹ ከዚያ በኋላ በየሰኞው «ዛሬስ ማን ይመጣ ይሆን?» እያለ መጠበቅ ጀመረ።

ጥያቄ፦ ውጤቱ አስቀድሞ የተወሰነ መሆኑን እያወቁ እንዴት በጉጉት ይመለከቱታል?

መልስ፦ ድራማም ውጤቱ በደራሲ የተወሰነ ነው። አወዳደቁና ጉዳቱ ግን ብዙውን ጊዜ እውነተኛ ነው።

ጥያቄ፦ በቀጥታ መተላለፉ ይህን ያህል ለውጥ ያመጣ ነበር?

መልስ፦ እጅግ ብዙ። «ሮው» በዚያን ጊዜ በአንድ ምሽት የተከታታይ ሳምንታት ዝግጅት እየቀረጸ ያስቀምጥ ነበር። ቢሾፍም ይህን ስለሚያውቅ በማይክሮፎን ገና ሰላምታ ሲያቀርብ የተቀናቃኙን ውጤት ይናገር ነበር። ብልህነቱን አደንቃለሁ፤ ጨዋነት ነው ግን አልልም። በታኅሣሥ 1995 ደግሞ ማዱሳ የተባለችው ተፋላሚ የተቀናቃኙን ድርጅት የሴቶች ሻምፒዮን ቀበቶ ይዛ መጥታ በካሜራ ፊት ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ጣለችው።

ጥያቄ፦ ኤን ደብልዩ ኦ የተባለው ቡድን አመጣጥ እንዴት ነበር?

መልስ፦ የናይትሮ ትልቁ ሥራ ይህ ነው። ግንቦት 27 ቀን 1996 ተራ የሆነ ግጥሚያ በመካሄድ ላይ ሳለ፣ በተቀናቃኙ ድርጅት የታወቀው ስኮት ሆል የጂንስ ልብስ እንደለበሰ ከተመልካቹ መካከል ተነሥቶ ወደ ሪንጉ ገባ። ሙዚቃ አልተከፈተለትም፣ ስሙን የጠራም አልነበረም። ማንነቱን እንደሚያውቁ፣ የመጣበትን ምክንያት ግን እንደማያውቁ ለሕዝቡ ተናግሮ ማስፈራራት ጀመረ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ኬቨን ናሽ ተጨመረ፤ ሦስተኛው ማን እንደሆነ ደግሞ እስከ ሐምሌ 7 ድረስ ምስጢር ሆኖ ቆየ። በዚያ ዕለት በፍሎሪዳ ዴይቶና ቢች፣ ለዓመታት የሕፃናት ጀግና ሆኖ የኖረው ሀልክ ሆገን የደብልዩ ሲ ደብልዩን ተፋላሚዎች ሊረዳ የመጣ መስሎ ገብቶ ከእነሱ አንዱ በሆነው፣ በወደቀው በራንዲ ሳቬጅ ላይ ተከመረበት፤ ሦስቱም ኤን ደብልዩ ኦ የተባለውን ቡድን መሠረቱ። ተመልካቹ ሪንጉን በወረቀትና በመጠጥ ዕቃ ሞላው። ናይትሮ ከዚያ ሰሞን አንሥቶ እስከ ሚያዝያ 1998 ድረስ ከሰማንያ ሳምንታት በላይ በተከታታይ በተመልካች ብዛት «ሮው»ን በልጧል።

ጥያቄ፦ ታዲያ እንዲህ ያለ ታሪክ በእጃቸው እያለ ምን ነካቸው?

መልስ፦ በእኔ ግምት ታሪክ መጀመር ይችሉ ነበር፤ መጨረስ ግን አይሆንላቸውም። ስቲንግ ፊቱን ነጭና ጥቁር ተቀብቶ፣ ቃል ሳይተነፍስ ከአዳራሹ ጣሪያ ላይ ሆኖ ሆገንን ከአንድ ዓመት በላይ ሲመለከት ከቆየ በኋላ፣ በታኅሣሥ 1997 ስታርኬድ በተባለው ዝግጅት ላይ ተገናኙ። ስቲንግ ተበድሎ ዳግም እንዲጋጠም፣ ዳኛው ለሆገን አድልቶ ፈጥኖ እንዲቆጥር ታስቦ ነበር (ትከሻው ወለል ነክቶ እስከ ሦስት የተቆጠረበት ይሸነፋል)፤ ዳኛው ግን እንደወትሮው ቆጠረ። ስለዚህ በቴሌቪዥን የሚታየው በደል ሳይሆን ትክክለኛ ሽንፈት ነበር። የዓመት ልፋት በሦስት ቆጠራ ተበላሸ።

ጥያቄ፦ በጣት የተነካው ግጥሚያ ድርጅቱን ገደለው ይባላል። ይስማማሉ?

መልስ፦ ጥር 4 ቀን 1999 ሆገን የናሽን ደረት በጣቱ ነካ፤ ናሽ ሆን ብሎ ተዘርሮ ወደቀ፤ ሆገንም ቀበቶውን ወሰደ። በዚያው ምሽት አስተላላፊው፣ ሚክ ፎሊ በተቀናቃኙ ጣቢያ ሻምፒዮን እንደሚሆን በፌዝ ሲናገር ብዙ ተመልካች ያንን ለማየት ጣቢያ ቀየረ። አሳፋሪ ምሽት ነበር፤ ገዳይ ግን አልነበረም፤ «ሮው» መምራት የጀመረው ከወራት በፊት ነው። ከዚህ ይልቅ እኔን የሚቆጨኝ ሐምሌ 6 ቀን 1998 ነው። ጎልድበርግ በአትላንታ ከ40,000 በላይ ሕዝብ ፊት ሆገንን ሲያሸንፍ፣ ሰው ከፍሎ ሊያየው የሚችለውን ግጥሚያ አንድ ሰኞን ለማሸነፍ ሲሉ በነጻ አሳዩት።

ጥያቄ፦ ቀላል ክብደት ስለነበራቸው ተፋላሚዎች ምን ይላሉ?

መልስ፦ ሬይ ሚስቴሪዮ፣ ኤዲ ጌሬሮ፣ ዲን ማሌንኮና ክሪስ ጄሪኮ የመጀመሪያውን ሰዓት ይሸከሙ ነበር፤ ዋናውን ግጥሚያ ግን ያው ሽማግሌዎቹ አይለቁም። ጄሪኮ በ1999፣ ጌሬሮና ማሌንኮ በጥር 2000 ወደ ተቀናቃኙ ሄዱ። መሄዳቸውን አልፈርድበትም።

ጥያቄ፦ ታዲያ መዝጊያውን ያደረገው ማን ነው?

መልስ፦ የቢሮ ሰዎች ናቸው። ኪሳራው ከባድ እንደነበር አይካድም፤ ቢሆንም ድርጅቱን ለመግዛት ቢሾፍ ያሰባሰባቸው ባለሀብቶች ነበሩ። የተርነር ኩባንያ ቀድሞ ከታይም ዋርነር ጋር ተቀላቅሎ ነበር፤ ያም በጥር 2001 ኤኦኤል ከተባለው የኢንተርኔት ኩባንያ ጋር ከተዋሐደ በኋላ ጄሚ ኬልነር የተባለው ኃላፊ ሬስሊንግ ከጣቢያዎቹ እንዲወጣ ወሰነ። የአየር ሰዓት የሌለውን ዝግጅት የሚገዛ ስለማይኖር ባለሀብቶቹ ሸሹ፤ የቪንስ ማክማን ድርጅትም ገዛው። የመጨረሻው ክፍል መጋቢት 26 ቀን 2001 ከፓናማ ሲቲ ቢች ተላለፈ።

ጥያቄ፦ ዛሬ ማየት ብጀምር ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ከግንቦት 1996 ይጀምሩና እስከ 1997 መጨረሻ ይቀጥሉ። ከ1998 ጀምሮ ዝግጅቱ ሦስት ሰዓት ስለሆነ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ የመጀመሪያውን ሰዓት ብቻ ቢመለከቱ ብዙ አያመልጥዎትም። የ2000ን ግን ካልቸገረዎት ይዝለሉት።