ቅዳሜ ሌሊት የትኛው ሌሊት ነው?

ልጆቼ፣

ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት፣ «ጓደኛዬ ፍራንክፈርት ላይ 30 ዓመቷን ልታከብር ነው። ለ10 ቀን ሄጄ አረፍ ብዬ ልመለስ፤ ምን ልያዝላት?» ብሎ ጠየቀኝ። መጀመሪያ ትኬትህን አሳየኝ አልኩት። ቅዳሜ፣ 00:15 ይላል። «ከቤት መቼ ትወጣለህ?» ስለው «ቅዳሜ ማታ» አለኝ። ደነገጥኩ።

ትኬት በምሸጥበት ዘመን አንዲት ደንበኛዬን የጎዳኋት በዚሁ ቃል ነው። በረራዬ መቼ ነው ስትለኝ «ቅዳሜ ሌሊት» አልኳት። እኛ ቀን የምንቆጥረው ከንጋት ጀምረን ስለሆነ፣ ቅዳሜ ሌሊት ያልነው ቅዳሜ ከመሸ በኋላ ያለው ነው። ትኬት ላይ ግን ቀኑ እኩለ ሌሊት ላይ ይለወጣል። ቅዳሜ 00:15 ማለት ለእኛ ዓርብ ለቅዳሜ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከ15 ነው። ልጅቷ ቅዳሜ ከምሽቱ 4 ሰዓት ቦሌ ስትደርስ አውሮፕላኑ ከሄደ 22 ሰዓት ሊሞላው ነበር። የጓደኛዋም ልደት የዚያኑ ማታ ነበር። የመሄጃው በረራ ላይ ስላልተገኘች ሲስተሙ መመለሻዋንም ሰረዘው። ሰኞ ጠዋት ቢሮ ስትመጣ ድፎ ዳቦው በነጭ ነጠላ እንደተቋጠረ ይዛው ነበር። ስትፈታው ኮባው ተልጧል፣ የቅጠሉ መስመር ግን ጀርባው ላይ ታትሞ ቀርቷል። «ቅዳሜ ሌሊት አላልከኝም?» አለችኝ። ብዬ ነበር።

ስለዚህ ሰዓቱ ከ00:00 እስከ 05:59 ባለው ውስጥ ከሆነ፣ የምትወጡት ትኬቱ ላይ ከተጻፈው ቀን በፊት ባለው ማታ ነው። ለ00:15 በረራ ዓርብ ከምሽቱ 3 ሰዓት ቦሌ ሁኑ። መሄድ የማትችሉ ከሆነ በረራው ሳይነሳ ደውላችሁ አስቀይሩ፤ ከተነሳ በኋላ ነገሩ ይከብዳል። የዛሬ ልጆች ትኬታችሁን በስልክ ታስቀምጡታላችሁ እንጂ አታነቡትም፤ ይሄ ያሳዝነኛል።

ልደቱም የሚውልበትን ቀን አጣሩ። ጥቅምት 12 ብዙውን ጊዜ ኦክቶበር 22 ነው፤ ጳጉሜን 6 በሆነችበት ዓመት ማግስት ግን ኦክቶበር 23 ላይ ይውላል። አንዳንዱ የሚያከብረው በፓስፖርቱ፣ አንዳንዱ እናቱ በነገረችው ቀን ነው። እናትየዋን ጠይቁ።

ስለ ቪዛው ብዙ አልልም፤ ቢያንስ ከ15 ቀን በፊት እንደሚገባና የ30,000 ዩሮ መድን እንደሚጠይቅ ታውቃላችሁ። የማታውቁት ምናልባት ይህ ነው፦ ጋባዣችሁ ወጪያችሁን እችላለሁ ብላ ጀርመን ባለው የውጭ ዜጎች ቢሮ የምትፈርመው ሰነድ ዋናው ቅጂ ይፈለጋል። ቀጠሮውም ሳምንታት ሊወስድ ስለሚችል ቀድማ ትጀምር።

እረፍት ነውና ቀኑን በፕሮግራም አታጣቡት። በ10 ቀን አምስት ከተማ የሚያዩ ልጆች ደክመው ነው የሚመለሱት። የመጀመሪያው ቅዳሜ ግን በፕሮግራም ይሁን፤ ጠዋት ትደርሳላችሁ፣ እሁድ ደግሞ ጀርመን ሱቅ ዝግ ነው። ቅቤ፣ አይብና ቋንጣ ከኢትዮጵያ ይዞ መግባት ስለማይፈቀድ ጉምሩክ ይወስደዋል። በርበሬና ሽሮ ይዛችሁ ሂዱ፤ ቅቤውን እዚያው አንጥሩ። ጨው የሌለበት 1 ኪሎ ግዙ፤ ከዚያ ውስጥ 160 ግራም ያህሉ ውሃ ነው። በቀስታ እሳት ላይ ጥዱት፤ አረፋው ሲነሳ ኮረሪማውን፣ ኮሰረቱንና ጥቂት እርድ ጨምሩ። የሚንጣጣው ድምፅ ጸጥ ሲልና ቅቤው ጠርቶ የድስቱ ወለል ሲታይ አውርዱ። እሳቱ ከበዛ ከታች ያለው ዝቃጭ ያርርና የምትሠሩበት ዶሮ ወጥ ይመራል።

ድፎው ይገባል። ኮባውን ቤት ልጣችሁ ጣሉት፤ እርጥብ ቅጠል ያለ ምስክር ወረቀት አያልፍም። ዳቦው በደንብ ከቀዘቀዘ በኋላ በነጠላ ቋጥሩትና በእጃችሁ ያዙት፤ ሻንጣ ውስጥ ይፈረፈራል።