እጆቹን ምን ተሸከማቸው?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። የምኖረው መሐል ሜዳ ነው። ልጄ በስልኳ የብራዚሉን የክርስቶስ ሐውልት አሳየችኝ። ተራራ ላይ እጆቹን ዘርግቶ ቆሟል። እንደ ላሊበላ ከአንድ ድንጋይ የተፈለፈለ ነው? ያን የሚያህል እጅስ እንዴት ሳይወድቅ ቆየ?

መልስ፦ የመሐል ሜዳው ወንድሜ፣ ጥያቄዎ የድሮ ሥራዬን አስታወሰኝ። ደብረ ብርሃን ውስጥ የግንባታ ፎርማን ነበርኩ። አንዴ ሜትር ተኩል ወጣ ያለች በረንዳ አርማታ ሞልተን፣ ድጋፉን ቶሎ ነቀልነው። በማግሥቱ ጫፏ ዘንበል ብሎ አገኘነው። ለዚህ ነው የሪዮ ዲ ጃኔሮውን ሐውልት ሳይ ዓይኔ ቀድሞ ክንዱ ላይ የሚያርፈው። ከጣት ጫፍ እስከ ጣት ጫፍ 28 ሜትር! ቁመቱ መቆሚያው ሳይቆጠር 30 ሜትር ነው።

ከአንድ ድንጋይ አልተፈለፈለም። ውስጡ እኛ የምናውቀው ፌሮና ሲሚንቶ ነው። ክንዶቹን የያዟቸው ውስጥ ለውስጥ የተዘረጉ የአርማታ ቢሞች ናቸው። በስሌቱ ፈረንሳዊው መሐንዲስ አልበር ካኮ አግዟል።

የመጀመሪያው ንድፍ ግን እንዲህ አልነበረም። ብራዚላዊው መሐንዲስ ኤይቶር ዳ ሲልቫ ኮስታ ክርስቶስን በአንድ እጁ ትልቅ መስቀል፣ በሌላው ዓለምን የሚወክል ሉል አስይዞት ነበር። በኋላ ሁለቱንም ተወና እጆቹን ዘረጋቸው። አካሉ ራሱ መስቀል ሆነ። ከታች ከከተማው ሲያዩት ፊቱ ሳይለይ መስቀሉ ይለያል። ቅርጹን ያወጣው ፈረንሳዊው ፖል ላንዶቭስኪ፣ ፊቱን የሠራው ሮማኒያዊው ጌዎርጌ ሊዮኒዳ ነው። የተመረቀው ጥቅምት 1 ቀን 1924 ዓ.ም. ነው፤ አፄ ኃይለ ሥላሴ ከነገሡ ዓመት ሊሞላ ሦስት ሳምንት ሲቀረው።

እኔን ከሁሉም በላይ የሚነካኝ ላዩ ነው። ልስን አይደለም። ሲነኩት እንደ ሳሙና የሚያሟልጭ ድንጋይ፣ በትንንሽ ሦስት ማዕዘን ተቆርጦ ተለብጧል። የደብረ ብርሃን ውርጭ ልስንን ምን እንደሚያደርግ ያየ ሰው ምርጫው ይገባዋል። ይህ ድንጋይ ለመቁረጥ ይቀላል፣ ዝናብና ፀሐይ ግን ይችላል። ቁራጮቹን አንድ በአንድ ጨርቅ ላይ የለጠፉት በፈቃዳቸው የመጡ ሴቶች ናቸው። አንዳንዶቹ ከጀርባው የሚወዱትን ሰው ስም ይጽፉ ነበር። እናቴም የክርስትና ስማችንን በብጣሽ ወረቀት አስጽፋ፣ «በጸሎት ያስቡልኝ» ብላ ለቄሱ ትሰጥ ነበር። የእነዚያም ሴቶች ሐሳብ ይኸው ይመስለኛል።

ልጅዎ ፎቶውን ጉንጩ ላይ አቅርባ ታሳይዎ። ሦስት ማዕዘኖቹ አንድ በአንድ ይታያሉ።