«በአዲስ አበባው መንጃ ፈቃድ ብነዳስ?» እና ሌሎች የአንባቢ ጥያቄዎች

ከሰሞኑ ጥያቄዎቻችሁ ብዙዎቹ ከቨርጂኒያና ከሜሪላንድ የመጡ ናቸው። ነገራቸውም አንድ ነው፦ የታገደ መንጃ ፈቃድ። ስማችሁን ትቼ፣ ረጃጅሞቹን አሳጥሬ አቅርቤያቸዋለሁ። ጠበቃ አይደለሁም። ፍርድ ቤት ውስጥ ለዓመታት ያስተረጎምኩ ሰው ነኝና ያየሁትንና ሕጉ ላይ ያነበብኩትን እነግራችኋለሁ። ቀጠሮ ያለበት ሰው ግን ጠበቃ ያማክር።

ጋሼ፣ የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። ጠጥቼ ስነዳ ተይዤ መንጃ ፈቃዴ ለ12 ወር ታገደብኝ። የአዲስ አበባው ግን አልተቃጠለም፣ ገና ሁለት ዓመት ይቀረዋል። ጓደኛዬ «ኢንተርናሽናል ላይሰንስ ኢንተርኔት ላይ ግዛና ከሱ ጋር አያይዘህ ንዳ፣ ፖሊሱ ምን ያውቃል» አለኝ። ያስኬዳል?

አያስኬድም። ጓደኛህ የታገደው ካርዱ መስሎታል። የታገድከው አንተ ነህ። ቨርጂኒያ የወሰደችብህ በመንገዷ ላይ የመንዳት መብትህን ነው። ሕጉ ደግሞ ነዋሪውንም ነዋሪ ያልሆነውንም በግልጽ ይጠቅሳል። የአዲስ አበባ፣ የናይሮቢና የዱባይ መንጃ ፈቃድ ደርድረህ ብትይዝ፣ እገዳው እስኪነሳ ድረስ ሦስቱም እዚህ ተራ ፕላስቲክ ናቸው።

ይህን ዘዴ የሞከረ ሰው አይቻለሁ። ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ ካሉት ፍርድ ቤቶች በአንዱ ነው። ሱፍ ለብሶ፣ ከረባት አስሮ መጥቷል። ፖሊስ ያስቆመው የኋላ መብራቱ ስለማይሠራ ነበር፤ ሌላ ያጠፋው ነገር የለም። ተራው ሲደርስ የኢትዮጵያ መንጃ ፈቃዱን ከውስጥ ኪሱ አውጥቶ በሁለት እጁ ዘረጋ። «ክብርት ዳኛ፣ ይሄኛው እኮ አልታገደም» አለ። አስተረጎምኩ። ዳኛዋ ካርዱን ገልበጥ አድርገው አዩና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁት፤ «እዚህ አገር ስንት ዓመትህ ነው?» እሱም በኩራት «ስድስት» አለ። አስተረጎምኩ፣ ግን ምላሴ ከበደኝ። አዲስ ነዋሪ በውጭ መንጃ ፈቃድ መንዳት የሚችለው ለ60 ቀን ነው። ካርዱ ሳይታገድም ቢሆን ጊዜው ካለፈ አምስት ዓመት አልፎታል። ካርዱን ለዚያ ቀን ብሎ ማስቀመጡ ደግሞ እገዳውን አሳምሮ እንደሚያውቅ መሰከረበት።

ፖሊሱ ምን ያውቃል ላልከው፣ ስምህንና የልደት ቀንህን መኪናው ውስጥ ባለው ኮምፒውተር ላይ ያስገባል። እገዳው እዚያው ይወጣለታል።

«ኢንተርናሽናል ላይሰንስ» የምንለውም ላይሰንስ አይደለም። የመንጃ ፈቃድህ ትርጉም ነው። ለብቻው የትም አያስነዳም። አሜሪካ ውስጥ ኤኤኤ የሚባለው የአሽከርካሪዎች ማኅበር በ20 ዶላር የሚሰጠው የአሜሪካ መንጃ ፈቃድ ላላቸውና ውጭ አገር ለሚነዱ ነው። የኢትዮጵያውን የምታስተረጉም ከሆነ ኢትዮጵያ ውስጥ ነው የሚወጣው። ኢንተርኔት ላይ በመቶ ምናምን ዶላር የሚሸጡት ሐሰተኞች ናቸው፤ የፌዴራሉ የንግድ ኮሚሽን ራሱ አስጠንቅቆባቸዋል።

ከተያዝክ ጥፋቱ ክላስ ዋን ሚስዲሚነር ነው፣ ከቀላል ወንጀሎች ከባዱ፤ እስከ 12 ወር እስር፣ እስከ 2,500 ዶላር ቅጣት፣ በላዩ ላይ ተጨማሪ እገዳ። መኪናዋም እዚያው ትወሰዳለች።

ያለህ መንገድ ፍርድ ቤቱን ሪስትሪክትድ ላይሰንስ መጠየቅ ነው። ሥራ፣ ሐኪም ቤት፣ የልጅ ትምህርት ቤት፣ ቤተ ክርስቲያን የመሳሰሉት ይፈቀዳሉ፤ ሰዓቱና ቦታው ወረቀቱ ላይ ይጻፋል። ቫሳፕ የሚባለውን የአልኮል ትምህርት ትመዘገባለህ። መኪናህ ላይ የትንፋሽ መቆለፊያ ይገጠማል፤ ካልነፋህበት ሞተሩ አይነሳም። በየመሀሉም ድንገት ይጮህና ንፋ ይልሃል። ጓደኛህን ስትሸኝ ቢጮህብህ ያሳፍራል፣ አውቃለሁ። ግን ትነዳለህ።

ቨርጂኒያ ብታግደኝም የአክስቴ ልጅ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የሚኖረው። በሱ አድራሻ የሜሪላንድ መንጃ ፈቃድ ባወጣስ?

እኛ ሰፈሩንም (ዲሲን፣ ሜሪላንድንና ቨርጂኒያን) መንጃ ፈቃድ የሚሰጠውን መሥሪያ ቤትም «ዲኤምቪ» ስለምንል ነው መሰለኝ፣ ድልድዩን ስንሻገር ሌላ መንግሥት የገባን ይመስለናል። ሜሪላንድ ካርድ ከመስጠቷ በፊት ናሽናል ድራይቨር ሬጂስተር የሚባለውን የፌዴራል መዝገብ ታያለች። በየትኛውም ስቴት የታገደ ሰው ስሙ እዚያ አለ። «መጀመሪያ ከቨርጂኒያ ጋር ጨርስ» ብለው ይመልሱሃል። በማትኖርበት አድራሻ መፈረም ደግሞ ራሱን የቻለ ወንጀል ነው፣ ያውም የአክስትህን ልጅ ይዞ የሚገባ።

ባለቤቴ በመጠጥ ታግዷል። መኪናዋ በስሜ ናት። ሌሊት ለሥራ ሲወጣ ቁልፉን ከጠረጴዛው ላይ ያነሳል፣ እኔም ዝም እላለሁ። እኔን ይነካኛል?

እህቴ፣ ይነካሻል። ቨርጂኒያ ውስጥ ሰውዬው በመጠጥ ምክንያት መታገዱን እያወቁ መኪና መስጠት ራሱ ክላስ ዋን ሚስዲሚነር ነው። ልክ እንደሱ። በዚህ ዓይነት እገዳ ላይ ሆኖ ሲነዳ ከተያዘም መኪናዋ ለ30 ቀን ትወሰዳለች። በስምሽ መሆኗ ለማስመለስ ማመልከቻ ለማስገባት ይረዳሻል፣ ግን ታውቂ እንደነበር መጠየቅሽ አይቀርም። የማቆሚያና የመጎተቻ ሂሳቡ በየቀኑ ይቆጥራል። ኢንሹራንስሽንም አስቢ።

ዝምታሽ ይገባኛል። የቤት ኪራይ አለ፣ ጭቅጭቅ አለ። ግን ቁልፉን ጠረጴዛ ላይ አትተዪው። እሱም ከላይ እንዳልኩት ሪስትሪክትድ ይጠይቅ፤ የሌሊት ሥራ ያለው ሰው ከአሠሪው ደብዳቤ ቢያመጣ ይረዳዋል።

ልጄ፣ ሰባ ዓመቴ ነው። ፖሊስ አስቁሞኝ መንጃ ፈቃድዎ ታግዷል አለኝ። ምንም ደብዳቤ አልደረሰኝም። ቤት ከቀየርኩ ዓመት ሆኖኛል።

አባባ፣ ደብዳቤው ወደ ድሮው ቤትዎ ሄዶ ይሆናል። ቨርጂኒያ ውስጥ አድራሻ ሲቀየር በ30 ቀን ውስጥ ለዲኤምቪ ማሳወቅ ግዴታ ነው። ደብዳቤው አለመድረሱ ፍርድ ቤት ላይ ሊጠቅምዎ ስለሚችል ለጠበቃዎ መጀመሪያ የሚነግሩት ይህን ይሁን።

አሁን የሚያስፈልግዎ «ኮምፕላያንስ ሰመሪ» የሚባለው ወረቀት ነው። ዲኤምቪ ይሰጥዎታል። ለምን እንደታገዱ፣ ምን ቢያሟሉ እንደሚነሳ አንድ በአንድ ተጽፎበታል። እገዳ ማንሻው ብዙውን ጊዜ ከ145 ዶላር ይጀምራል። እገዳው የቆየ የፍርድ ቤት ቅጣት ባለመክፈል ከሆነ ደግሞ ደስ ይበልዎት፤ ቨርጂኒያ በዚያ ምክንያት ማገድ ካቆመች ቆይታለች። በ2019 በጊዜያዊነት፣ በ2020 ደግሞ በቋሚ ሕግ። ዕዳው ግን አልተሰረዘም። ከፍርድ ቤት ቀጠሮዎ በፊት እገዳውን አስነስተው ወረቀቱን ይዘው ይቅረቡ። ወረቀት ይዞ የቆመን ሰው ዳኞች በሌላ ዓይን ሲያዩት ደጋግሜ አይቻለሁ።

በዲቪ ከመጣሁ ሦስተኛ ሳምንቴ ነው። በኢትዮጵያው መንጃ ፈቃድ መንዳት እችላለሁ?

እንኳን ደህና መጣህ። አዎ፣ ቨርጂኒያም ሜሪላንድም ለአዲስ ነዋሪ 60 ቀን ይሰጣሉ። አንድ ነገር ልብ በል። ካርድህ ላይ ያለው ቀን በእኛ አቆጣጠር ብቻ ከሆነ ፖሊሱ ከሰባት ስምንት ዓመት በፊት የተቃጠለ ሊመስለው ይችላል። የተረጋገጠ የእንግሊዝኛ ትርጉም ያዝ። እና 60ኛውን ቀን አትጠብቅ፤ የጽሑፉንም የመንዳቱንም ፈተና ትወስዳለህ፣ ቀጠሮ ደግሞ ቶሎ አይገኝም።

ግሪን ካርድ ነው ያለኝ። በታገደ መንጃ ፈቃድ ስነዳ ተይዣለሁ። ትኬት ነው ብዬ ከፍዬ ልገላገል?

ቆይ። ትኬት አይደለም፣ የወንጀል ክስ ነው። ዜግነት ስትጠይቅ ቅጹ ላይ ይጠየቃል። የወንጀል ጠበቃ የጥፋተኝነት ቃል የአገር መባረር አደጋ ካለው ለደንበኛው መንገር እንዳለበት ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2010 ወስኗል፤ ስለዚህ «ኢሚግሬሽኔን እንዴት ይነካዋል?» ብለህ ጠይቀው። ለጠበቃ የሚከፈል ከሌለህ፣ ክሱ የሚያሳስር ከሆነ ፍርድ ቤቱ ጠበቃ ያቆምልሃል። አስተርጓሚም በነጻ ነው። እንግሊዝኛ እችላለሁ ብለህ አትግደርደር።

ኡበር ነበር የምሠራው። በሪስትሪክትድ መቀጠል እችላለሁ?

በመጠጥ ከሆነ እርሳው። ኩባንያዎቹ የሾፌሮቻቸውን መዝገብ ይከታተላሉ፣ ይዘጉሃል። ለጊዜው ሌላ ሥራ ፈልግ።

ለገና አዲስ አበባ እሄዳለሁ። ቨርጂኒያ አግዳኛለች፣ የኢትዮጵያው ግን ይሠራል። እዚያም መንዳት አልችልም?

ይሄ ጥሩ ጥያቄ ነው፣ መልሱም ከመጀመሪያው ጥያቄ ይለያል። የቨርጂኒያ እገዳ ቦሌ መንገድ ድረስ አይደርስም። ኢትዮጵያ ውስጥ በጸና የኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድ ከነዳህ የሚገዛህ የዚያው አገር ሕግ ነው። የማይሆነው በታገደው የቨርጂኒያ ካርድ፣ ወይም በሱ ላይ በተወሰደ ኢንተርናሽናል፣ መኪና ተከራይቶ መንዳት ነው። ግጭት ቢደርስ ኢንሹራንሱ መጀመሪያ የሚያየው መንጃ ፈቃድህን ነው።

ከመሄድህ በፊት ግን መኪናህን ደለስ ኤርፖርት አቁመህ እንዳትሄድ። ስትመለስ የሚቀበልህ ሰው ይኑር።