እልቂትን ከባሕር ማዶ ለምትመሰክሩ፦ ከደሴ የተላከ ምክር

ክፉ ወሬ በተሰማ ቁጥር ደሴ ላይ ስልክ የሚጮኸው ሌሊት ነው። ዋሽንግተን ሰው ከሥራ ገብቶ እራቱን ሲያቀርብ እዚህ እንቅልፍ ላይ ነን። የሚደውለው ወንድም ነው፣ የአክስት ልጅ ነው፣ አንዳንዴም ቁጥሩን ከሰው ከሰው አፈላልጎ ያገኘ የማናውቀው ሰው ነው። ጥያቄው ግን አይለያይም፤ «ስንት ሰው ሞተ? ቪዲዮ አላችሁ? ቶሎ ላኩልኝ።» ብዙ ዘመን በዚያኛው ጫፍ ስለኖርኩ የደዋዩ ጭንቀት ይገባኛል። አሁን ደግሞ አገሬ ገብቼ ከተፈናቃዮች ቃል የሚቀበሉ ወጣቶችን ስለማግዝ ስልኩ የተደወለለትን ሰው ፊት አያለሁ።

ከሁለቱም ወገን ሆኜ የታዘብኩት ይህ ነው፤ ውጭ ያለው ወገናችን ስለ እልቂት ሲናገር አብዛኛውን ጊዜ የሚናገረው ለሚያምነው ሰው ነው። ሰልፍ አብሯችሁ የሚወጣው፣ የለጠፋችሁትን የሚያጋራው ቀድሞም ያመነ ነው። ሥራ የሚጠይቀው የማያምነው ነው፦ ፋይሉን ከፍቶ «ይሄ መቼ ተነሣ? ማን አነሣው? ሰውየው በእርግጥ እዚያ ነበር?» የሚለው መርማሪ፣ ጋዜጠኛ፣ የፓርላማ አማካሪ። ከእነሱ ወዲያ የተከሳሹ ጠበቃ አለ። ምስክርነት ስትሰበስቡ ያን ጠበቃ ፊት ለፊታችሁ እንደተቀመጠ ቁጠሩት።

ደሴ ይህን ነገር ድሮ ነው ያየችው። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ከተማዋን ሲደበድቡ ጃንሆይ እዚሁ ነበሩ፤ የውጭ ጋዜጠኞችና ሐኪሞችም ነበሩ። የቀይ መስቀል ምልክት ያለበት ሆስፒታል መመታቱን ዓለም ሳይውል ሳያድር የሰማው እነሱ በዓይናቸው ስላዩ ነው። ከዓመት በኋላ፣ የካቲት 12 ቀን 1929 እና በተከታዮቹ ቀናት፣ አዲስ አበባ ላይ ሕዝብ ሲጨፈጨፍ ከተማዋ በጨፍጫፊው እጅ ነበረች። ኢትዮጵያ 30,000 ሰው አልቋል ትላለች፤ በቁጥሩ ዛሬም የሚከራከር አይጠፋም። ግራዚያኒ ከጦርነቱ በኋላ ጣሊያን ውስጥ የተፈረደበት ከጀርመን ጋር በመተባበሩ ነው፤ በእኛ ላይ ስለሠራው አንድም ቀን ችሎት ፊት አልቆመም። ጭራሽ በ2012 እ.ኤ.አ. አፊሌ በምትባል የጣሊያን ከተማ መታሰቢያ ተሠራለት። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም እንላለን። እውነት ነው፤ አለመርሳት ብቻውን ግን ማንንም ለፍርድ አላቀረበም።

ለፍርድ ያቀረበ ታሪክ ከፈለጋችሁ ከእናንተው መካከል አለላችሁ። በቀይ ሽብር ዘመን አዲስ አበባ የከፍተኛ 9 (ከፍተኛ ከቀበሌ በላይ የነበረ የከተማ አስተዳደር እርከን ነው) ሊቀመንበር የነበረው ቀልቤሳ ነገዎ አሜሪካ ገብቶ አትላንታ አንድ ሆቴል ውስጥ ተቀጥሮ ይሠራ ነበር። እዚያው ሆቴል የምትሠራ አንዲት ኢትዮጵያዊት አየችው፤ በእሱ እጅ የተሠቃየች ናት። ሰው ጠርታ ልታዋርደው፣ ልታስደበድበው ትችል ነበር። እሷ ግን እንደ እሷው የተሠቃዩ ሌሎች ሁለት ሴቶች ተገኝተው ሦስት ሆነው በፍትሐ ብሔር ከሰሱት። በ1993 እ.ኤ.አ. ፍርድ ቤቱ ለእያንዳንዳቸው 500,000 ዶላር ካሣ ፈረደላቸው፤ ይግባኙም አልሠራለትም። በኋላ የአሜሪካ ዜግነቱን ተነጥቆ ወደ አገር ቤት ተላከ። ስንቱ የተማረ ማኅበር ያላደረገውን ሦስት ሴቶች አደረጉት፤ የያዙት ነገር የተፈጸመባቸውን በቦታው፣ በዘመኑና በአድራጊው ስም ለይቶ መናገር ብቻ ነበር። በ2017 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሔግ ላይ እሸቱ ዓለሙ የሚባለው የደርግ ሰው በጎጃም እስረኞች ላይ በተፈጸመው የጦር ወንጀል ዕድሜ ልክ ተፈረደበት። ድርጊቱ ከተፈጸመ 40 ዓመት ሊሞላው ነበር። ከምስክሮቹ ቃል ጎን የቀረበው ፊርማ ያለበት ወረቀት ነው። ስለዚህ ወረቀት አይጣል።

ወደ እጅ ሥራው ልግባ። መጀመሪያ ስም። የአባት ስም አይበቃም፣ የአያት ይጨመር፤ ሰፈር የሚጠራበት የቁልምጫ ስም ካለም ለብቻው ይጻፍ። አንድ ጊዜ ከውጭ የተጠናቀረ የሟቾች ዝርዝር ደረሰንና ከቅሬው ደብተር ጋር አስተያየነው። (ለሌላ አገር ልጆች፦ ቅሬ የእኛ የወሎዎች ዕድር ነው፤ እስላሙም ክርስቲያኑም አብሮ ይቀብርበታል።) አንድ ቦታ «መሐመድ ሰይድ»፣ ሌላ ቦታ «ሙሐመድ ሰዒድ»፣ ወረድ ብሎ ደግሞ «ማሜ» ተብሎ አንድ ሰው ሦስት ጊዜ ሞቷል። በአንጻሩ ደብተሩ ላይ በየስማቸው ያሉ ሴቶች ከዝርዝሩ የሉም፤ «ሚስቱና ልጆቹ» በሚል አንድ መስመር ተጠቅልለው ቀርተዋል። ሁለቱም ጥፋት ነው፤ ሁለተኛው ግን ይብስብኛል። የመጀመሪያውን ካጂው ያገኘዋል፣ ሁለተኛውን የሚያገኘው የለም። የቅሬ ዳኛውን፣ የመስጊዱን ኢማም፣ የደብሩን አስተዳዳሪ፣ አበጋሩን (የአገር ሽማግሌውን) ሳትጠይቁ ዝርዝር አትዝጉ። ማን የት እንደተቀበረ የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

ቀጥሎ ቀንና ሰዓት። ምስክሩ «ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ መጡ» ይላል፤ እንግሊዝኛው ላይ 8 ሰዓት ተብሎ ይገለበጥና ጥቃቱ የተፈጸመው ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ሆኖ ይቀራል። ሌላው ምስክር «ምሳ በልተን ስንነሣ ነው» ሲል ሁለት እውነተኞች እርስ በርስ ይጋጫሉ። ጠበቃው የሚጠብቀው ይህችን ነው። ቀኑንም ቢሆን መጀመሪያ ሰውየው እንደተናገረው ጻፉት፤ «የሚካኤል ማግስት»፣ «ጁምዓ ተሰግዶ ሲወጣ»፣ «በገበያው ቀን»። የፈረንጁን ቀን አስልታችሁ ከጎኑ አድርጉት እንጂ የሱን አትሰርዙ። ጳጉሜ 6 ከዋለች በኋላ እስከ የካቲት ድረስ ስሌቱ በአንድ ቀን እንደሚገፋም ልብ በሉ፤ አዋቂ የሚባሉ ሰዎች ሲስቱበት አይቻለሁ።

ስትጠይቁ መልሱን በጥያቄው ውስጥ አትስጡ። «እነ እገሌ ናቸው አይደል የገደሏቸው?» የሚል ጥያቄ ምስክሩን ያበላሸዋል፤ የደከመና ያዘነ ሰው «አዎ» ይላችኋል። «አንተ የት ቆመህ ነበር? ምን ለብሰው ነበር? በምን ቋንቋ ያወሩ ነበር? ምን እያሉ ነበር?» በሉ። ያየውንና የሰማውን ራሱ ይለየው። የሰማው ይጣል አልልም፤ ከማን እንደሰማ ይጻፍና ያኛው ሰው ይፈለግ።

«ምን እያሉ ነበር» የምትለዋን ጥያቄ ቀላል አድርጋችሁ አትዩአት። ዘር ማጥፋትን ከሌላው ወንጀል የሚለየው ሐሳቡ ነው። በታኅሣሥ 1948 እ.ኤ.አ. የጸደቀው ስምምነት በብሔር፣ በጎሣ፣ በዘር ወይም በሃይማኖት የሚታወቅን ቡድን በሙሉ ወይም በከፊል ለማጥፋት ታስቦ መደረጉን ይጠይቃል፤ የሬሳ ብዛት ብቻውን አይመልሰውም። ይህን ስምምነት ከዓለም ቀድማ ያጸደቀችው ኢትዮጵያ መሆኗን ልጆቻችሁ ያውቃሉ? ሐምሌ 1 ቀን 1949 በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። የእኛ የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በአንቀጽ 281 የፖለቲካ ቡድንንም ጨምሮ ስለነበር ነው የደርግ ባለሥልጣናት በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. በዘር ማጥፋት ጥፋተኛ የተባሉት። የዓለሙ ስምምነት ላይ ግን የፖለቲካ ቡድን የለም። እንግዲህ ጄኔቫ ወይም ብራስልስ ሄዳችሁ ስትናገሩ ከዚህ ልዩነት ጋር መጋጠማችሁ አይቀርም።

እኔ የምመክረው ድርጊቱን በስሙ እንድትጠሩት ነው፤ ግድያውን ግድያ፣ አስገድዶ መድፈሩን መድፈር፣ ማፈናቀሉን ማፈናቀል ብላችሁ ዘርዝሩ። ገዳዮቹ ያሉትን፣ ኬላ ላይ መታወቂያ አይተው ማንን እንደለዩ፣ ከዚያ በፊት በሬዲዮ ምን እንደተነገረ አያይዙ። ስያሜውን ከእነዚህ በኋላ ተከራከሩበት። በስብሰባ ላይ ስለ ስሙ ሁለት ሰዓት ተጨቃጭቆ አንድ የሟች ስም ሳይነበብ የተበተነ ጉባኤ አይቻለሁ፤ ያሳዝናል። «በሰብአዊነት ላይ የተፈጸመ ወንጀል» መባሉም ቅናሽ አይደለም፣ ዕድሜ ልክ የሚያስፈርድ ነው።

ሬዲዮ ካልኩ አይቀር ከቤታችሁ ሳትወጡ የምትሠሩት ሥራ እዚህ አለ። በ1994 እ.ኤ.አ. ሩዋንዳ ውስጥ በ100 ቀን ገደማ ወደ 800,000 ሰው ሲያልቅ ኤርቴኤልኤም የሚባለው ጣቢያ በየዕለቱ ያነሣሣ ነበር። የጣቢያው መሥራቾች በ2003 እ.ኤ.አ. አሩሻ፣ ታንዛኒያ ላይ በተሰየመው የሩዋንዳ ጉዳይ ፍርድ ቤት ተፈረደባቸው፤ ከማስረጃዎቹ አንዱ የተቀረጸው የጣቢያው ስርጭት ነበር። ዛሬ የጥላቻ ንግግር በፌስቡክ ላይቭ ይተላለፍና ነገሩ ሲከፋ ይሰረዛል። ሳይሰረዝ አውርዱት፤ ሊንኩን፣ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ደቂቃውን ጻፉ። የሌላውን ብቻ ግን አትቅረጹ። እናንተም ስለ አንድ ሕዝብ በጅምላ የተናገራችሁት የሆነ ሰው ስልክ ውስጥ ተቀምጧል።

ቪዲዮና ፎቶ በተመለከተ አጭር ነው። በዋትሳፕ እንደ ዘበት ሲላክ ይጨመቃል፣ መቼና የት እንደተነሣ የሚናገረው መረጃ ከውስጡ ይጠፋል። በፋይል መልክ ይላክ። የመጀመሪያው ቅጂ ሳይነካ ሁለት ቦታ ይቀመጥ። ዋሽንት አትጨምሩበት፣ የማኅበራችሁን ዓርማ አትለጥፉበት። አዲስ ምስል ሲደርሳችሁ ከማጋራታችሁ በፊት በጉግል ፈልጉት፤ የሌላ አገር የድሮ ሬሳ የእኛ ተብሎ ሲዞር ያየ ያውቃል። አንዷ ስትጋለጥ መቶው እውነት አብሮ ይከሰሳል።

የራስን ሟች ብቻ መቁጠርም ምስክርነትን ያቀለዋል። ጥቅምት 30 ቀን 2013 ዓ.ም. ማይካድራ ላይ ሰው ታረደ፤ ሦስት ሳምንት ሳይሞላ፣ ኅዳር 19፣ አክሱም ላይ ሰው ተረሸነ። አንዱን እየጮኸ ሌላውን «ውሸት ነው» የሚል ሰው የውጭ አገር መርማሪ ፊት ሲቀርብ ወዲያው ይታወቃል። በ2014 ዓ.ም. በጥቅምት ሁለተኛ አጋማሽ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ በሐረጎ መንገድ ልጅ አዝሎ የሸሸ ሰው የሌላውን ስደት ለመረዳት ብዙ ማስረዳት አያስፈልገውም። ውጭ ሆኖ ነው ይሄ የሚጠፋው።

አሁን ከሁሉ ወደሚከብደኝ ልምጣ። ሐይቅ አካባቢ በተጠለሉት መካከል ከምዕራብ ወለጋ የመጡ አንዲት እናት አሉ። ወላጆቻቸው የወሎ ሰዎች ናቸው፤ በድርቁ ዘመን በሰፈራ ሄደው ልጅ ወልደው የከበዱ። ከውጭ የመጣ አንድ እንግዳ «እማማ አብሽሩ፣ ድምፅዎን ለዓለም እናሰማለን» ብሎ ቀረጻቸው። ፊታቸውም ስማቸውም እንዳለ ኢንተርኔት ላይ ወጣ። ወንድማቸው ግን ገና እዚያው ቀበሌ ከከብቶቹ ጋር ነበር። እሱ ደውሎ ያላቸውን አልነገሩንም። ከዚያን ቀን ወዲህ ለማንም አይናገሩም፤ ልጆቻችን ደብተር ይዘው ሲሄዱ ቡና ያፈላሉ፣ ስለ ዝናቡ ያወራሉ፣ በቃ። አንድ ሙሉ ቀበሌ የጠፋበትን ቀን የሚያውቅ ሰው እንዲህ ተዘጋ።

ስለዚህ ፈቃድ ስትጠይቁ ለየብቻ ጠይቁ፦ ልቅረጽ? ለመርማሪ ልስጠው? ስምና ፊት ይታይ? ለመጀመሪያው እሺ ያለ ሰው ለሦስተኛው እሺ አላለም። እዚያ የቀረ ዘመድ እንዳለ ሳታረጋግጡ ምንም አትልቀቁ። ለቃሉ ገንዘብ አትክፈሉ፤ መርዳት ከፈለጋችሁ በሌላ ቀን፣ በሌላ ሰው እጅ ይሁን፣ አለዚያ «ተከፍሎት ነው» ይባላል። ቪዛ እንደምታስጨርሱ አትጠቁሙ። ሕፃን አታናግሩ። የተደፈረች ሴት ጉዳይ ለሐኪምና ለሠለጠነ ባለሙያ ይተው፤ የናንተ ድርሻ የሕክምናውን ወጪ መሸፈን ሊሆን ይችላል። ደግሞ አንድ ሰው ታሪኩን ለአንድ ታማኝ ሰው በደንብ ከተናገረ ያው ቃል ይባዛ እንጂ በመጣው እንግዳ ሁሉ ፊት እንደ አዲስ አያልቅስ። ከተናገረ በኋላም በሳምንቱ ደውሉ፤ ምንም ሳትጠይቁ፣ ለሰላምታ ብቻ።

የሰበሰባችሁትን የት እንደምትወስዱት የሚወስነው የምትኖሩበት አገር ነው። ጀርመን ያላችሁ፣ በኅዳር 2021 እ.ኤ.አ. የፍራንክፈርት ፍርድ ቤት ኢራቅ ውስጥ በያዚዲዎች ላይ በተፈጸመ ዘር ማጥፋት አንድ የአይኤስ አባል ላይ ዕድሜ ልክ ፈርዷል፤ የአገሩ ሕግ ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ድንበር ተሻግሮ ይከሳል። ተጠርጣሪው እዚያ ከታየ አቃቤ ሕጉ ዘንድ መሄድ ይቻላል። አሜሪካና እንግሊዝ ያላችሁ የወረዳችሁን ተወካይ አታሳንሱ። ደብዳቤው ከሁለት ገጽ አይብለጥ፤ የአንድ ቀበሌ ታሪክ፣ ፈቃድ የተገኘበት አንድ ምስክርነት፣ አንድ ተለይቶ የተጠየቀ ነገር ይኑረው። ኅዳር 29 ወይም 30 ላይ የሚውለው የፈረንጆቹ ታኅሣሥ 9 በተባበሩት መንግሥታት የዘር ማጥፋት ሰለባዎች መታሰቢያ ስለሆነ ቢሮዎቹ በዚያ ሰሞን ጉዳዩን ለመስማት ይቀርባሉ፤ ደብዳቤያችሁን ጥቅምት ውስጥ አስገቡ፣ በወሩ መልስ ካልመጣ ቀጠሮ ጠይቁ። ስትሄዱም ሦስት ሆናችሁ ሂዱ፤ አንዱ ይናገር፣ አንዱ ይጻፍ፣ አንዱ ለሚመጣው ጥያቄ ሰነዱን ይዞ ይቀመጥ።