መልስ፦ ከኬሞ በኋላ ወተትና ሥጋ ይከልከሉ ወይ?

አትከልክያቸው። እናትሽ ለጡት ካንሰር የሚሰጠውን ኬሞ ጨርሰው ታሞክሲፈን (ካንሰሩ እንዳያገረሽ የሚዋጥ ኪኒን) እየወሰዱ፣ ከስተዋልም ካልሽ ወተትና እንቁላል መንሳት አቅም ያሳጣቸዋል እንጂ የሚፈይደው የለም። ጎረቤት አለ ብሎ ቢነግርሽም፣ ካንሰሩን ብቻ ለይቶ የሚያስርብ ምግብ የለም።

አሜሪካ ውስጥ ለጡት ካንሰር በታከሙ 3,088 ሴቶች ላይ የተሠራ ትልቅ ጥናት ነበር፤ ውጤቱ በ2007 እ.ኤ.አ. ወጣ። አትክልትና ፍራፍሬ እጅግ አብዝተው እንዲበሉ የተመከሩት፣ ሰባት ዓመት ገደማ ክትትል ተደርጎ ሲታይ፣ ካንሰሩ ያገረሸባቸው ከሌሎቹ ሴቶች ያነሱ ሆነው አልተገኙም። ጎመን ጥሩ ነው፤ መድኃኒት ግን አይደለም።

ጅማ ሆነሽ ደግሞ ምን ቸገረሽ? ሽሮ፣ ምስር፣ ከሂርማታ ገበያ አቮካዶ። ቡናቸውን አትንሻቸው፣ ስኳሩን ብቻ ቀንሺ። ጠጅና አረቄ ይቅርባቸው። ክብደታቸው ሲመለስ ከልክ እንዳያልፍ በየቀኑ ትንሽ በእግራቸው ይንቀሳቀሱ።

አንድ ነገር ልንገርሽ። አክስቴ ጥቁር አዝሙድ በማር እየላሰች «ይኸው ይበቃኛል» ብላ ኪኒኑን አራት ወር አቁማው ነበር። ያወቅነው ያልተነካ ፓኬት ከፍራሿ ሥር ስናገኝ ነው። የእናትሽን ኪኒን በየሳምንቱ ቁጠሪ።